ፀሐይ ሞልቶ ባለሙያ የጠፋበት ገበያ

የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚጠራው የፓኔሉን ነው፤ ቀጥሎ የባትሪውን፣ ከዚያ የኢንቨርተሩን። የገጣሚው ሒሳብ ከተነሣም የሚነሣው በመጨረሻ፣ ያውም ‹‹ለልጁ የሻይ ይሰጡታል›› በሚል ዓይነት ነው። ገዢውም ቢሆን በፓኔሉ ዋጋ ግማሽ ቀን ሲከራከር ይውልና ጣሪያው ላይ የሚወጣው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዕቃውን አስጭኖ ይሄዳል። በዚህ አሠራር የተነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ወጪ ከሒሳብ ውጪ ሆኖ ቀርቷል። ይኸውም ዕቃውን ለክቶ የሚመርጥ፣ በወጉ የሚገጥምና ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ ነው።

ነገሩን ለመመርመር ደቡብ ጎንደር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የዞኑ ርዕሰ ከተማ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በአቅራቢያዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ ይታያል። ወደ ምዕራብ ሲወረድ ወረታና የፎገራ ሜዳ፣ ከዚያም ጣና ሐይቅ ይገኛሉ። ወደ ምሥራቅ ደግሞ የጋይንት ደጋ ነው። ሜዳው ሩዝና ሽንኩርት የሚመረትበት፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሞተር ውሃ የሚሳብበት አገር ነው። ደጋው ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ቤቱ በየገመገሙ ተራርቆ የተሠራበት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ለማድረስ አስቸጋሪ የሆነ አገር ነው። አንዱ የውሃ መሳቢያ ይፈልጋል፤ ሌላው የቤት መብራት። ለነጋዴ ሁለቱም ገበያ ናቸው።

ገንዘቡም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የለም አይባልም። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 35 በመቶ የሚሆነውን ከዋናው መስመር ውጪ፣ በአብዛኛው በፀሐይ ኃይል እንደሚሸፍን አስታውቆ ነበር። የዓለም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አፅድቋል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለፀሐይ ኃይል ዕቃ አስመጪዎች የብድር መስኮት ከፍቶ ሲሠራ ቆይቷል። የተባለው ዓመት ደረሰ፤ ኤሌክትሪክ ያገኘው ሕዝብ ግን ከግማሽ ብዙም የዘለለ አልነበረም። በመሆኑም በወረቀት ላይ ያለው ገበያ አሁንም እንዳለ ነው።

ስህተቱ ስንት ያስከፍላል?

ፓኔል በዓለም ገበያ ረክሷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በነበሩት አሥር ዓመታት ዋጋው በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። የኢትዮጵያ ገዢ ግን የሚከፍለው በብር ነው። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ቀድሞ በአንድ ባትሪ ላይ ይደርስ የነበረው ኪሳራ ዛሬ በእጥፍ ይቆጠራል። ከዚህ አንፃር የባለሙያ ዋጋ መታየት ያለበት ከሚያስቀረው ኪሳራ ጋር ተመዛዝኖ ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንውሰድ። አንድ የጋይንት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎችን በየምሽቱ ለአምስት ሰዓት ያበራል እንበል፤ ይህ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት ሲከፈት 120 ይሆናል፤ ለስልክ ቻርጅ 20 ይጨመር። በድምሩ በቀን 240 ዋት-ሰዓት ነው። በበጋ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይሰጣል ቢባልና በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ የሚባክነው 30 በመቶ ቢታሰብ፣ ባለ 60 ዋት ፓኔል ይበቃል። ብዙ ሻጭ የሚያሰላው በዚህ መንገድ ነው፤ ገዢውም ዋጋው ስለሚቀንስለት ደስ ብሎት ይሄዳል።

ሐምሌ ሲገባ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ደጋው በጉም ሲሸፈን ያው ቀን የሚሰጠው ሙሉ ፀሐይ ወደ አራት ሰዓት ቢወርድ፣ ያ ፓኔል የሚያስገባው 168 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። በየቀኑ 72 ይጎድላል። የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። 80 አምፔር-ሰዓት ያለው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ በውስጡ 960 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከዚህ ውስጥ ሊወጣ የሚገባው ግማሹ ብቻ ነው። 480ው በቀን 72 ሲቀነስለት ሳምንት አይሞላም። ከዚያ በኋላ እስከ ቡሄና ከዚያም በኋላ ባትሪው በግማሽ ሆዱ ይከርማል። እርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ በሳህኖቹ ላይ ጨው መሰል ነገር ይጋገርበታል፤ በጥቅምት ፀሐይ ብትመለስም እንደ ቀድሞው መያዝ ያቅተዋል። ቤተሰቡ ‹‹ሶላር የማይረባ ነገር ነው›› ይላል፤ ጎረቤቱም ይሰማል። በባለ 60 ዋቱ ምትክ ባለ 90 ዋት የመከረ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ የዋጋው ልዩነት የባትሪውን ዋጋ ያህል አይሆንም ነበር።

ስለዚህ በደጋው የሚሠራ ባለሙያ ዋና ትምህርቱ ክረምት ነው። ሌላም አለ። የፓኔል ቮልቴጅ የሚለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር ቮልቴጁ 0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ንጋት ላይ 5 ዲግሪ በሚሆንበት ደጋ ስድስት በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። ፓኔሎቹን በተከታታይ ደርድሮ የኢንቨርተሩ ጣሪያ ድረስ የሞላ ሰው ኢንቨርተሩን በብርድ ጧት ሊያቃጥል ይችላል። ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ በ12 እና በ15 ዲግሪ መካከል ቢያዘነብል ይበጃል፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል። መብረቅ በሚበዛበት ተራራማ አገር ደግሞ የመሬት ሽቦ የማያስገባ ገጣሚ የሰው ሕይወት ላይ እየፈረደ ነው። እነዚህ ሁሉ ከባድ ሳይንስ አይደሉም፤ ሆኖም ያልተማራቸው ሰው አያውቃቸውም።

በፎገራ በኩል ያለው አደጋ በገንዘብ ይበልጥ ይከብዳል። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር በሞተር ውሃ የሚስብ ገበሬ ሁሉ ዓይኑን ወደ ፀሐይ ፓምፕ ማዞሩ አይቀርም። ይሁንና የፀሐይ ፓምፕ ጥልቀት የሚለካለት ዕቃ ነው። ያንኑ ውሃ ከ5 ሜትር ይልቅ ከ10 ሜትር ለማውጣት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ጉድጓዱን በኅዳር ለክቶ ፓምፕ የመረጠ ሰው በመጋቢት ውሃው ሲሸሽ ምን እንደሚሆን ካላሰበ፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት ፓምፑ ግማሹን ብቻ ያወጣል። ገበሬው ለፓምፑ የተበደረውን የሚከፍለው ከሽንኩርቱ ነው። ብድሩ ሲበላሽ የሚጎዳው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ ያበደረው ተቋም፣ ዕቃውን በዱቤ የሰጠው ነጋዴና ያገናኘው ደላላ ጭምር ይጎዳሉ።

ከሬማ የሚወሰድ ትምህርት

አገሪቱ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚጦ በተባለ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተተክሎ ነበር፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለመቶዎች ቤቶች፣ ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮ አገልግሏል። በአማራ ክልል ደግሞ ይበልጥ የሚታወቀው የሰሜን ሸዋው ሬማ ነው። የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በመንደሩ ለየቤቱ አነስተኛ የፀሐይ መብራት ሲያስገባ፣ እዚያው የፀሐይ ኃይል ባለሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፈተ። ድርጅቱ ለሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዙን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል።

በሬማ ነጋዴ ሊያየው የሚገባው ነገር ሽልማቱ ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው መሣሪያው ባለበት መንደር ነው፤ ተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየውን ከሰዓት በኋላ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ያገኘዋል። ተጠቃሚው በየወሩ ጥቂት ብር ለጥገና ያዋጣል። ጥገና ባለቤት አገኘ ማለት ባለሙያውም መኖሪያ አገኘ ማለት ነው። ዕቃውን ገጥሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ገጣሚና ከመንደሩ ሳይርቅ የሚጠግን ባለሙያ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የውጭውም ልምድ ይህንኑ ይመሰክራል። በዓለም ላይ በፀሐይ ፓኔል ሥራ የሚተዳደረው ሰው ከ7 ሚሊዮን በላይ መሆኑን ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ድርጅት ይገልጻል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረችው ሱርያሚትራ በተባለ ፕሮግራም 50,000 ባለሙያ ለማፍራት አቅዳ፣ የኤሌክትሪክ ሙያ መሠረት ያላቸውን ወጣቶች በ600 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ወር ገደማ ታሠለጥን ነበር። ፕሮግራሙ ብዙ ሰው ቢያስመርቅም ከተመረቁት ብዙዎቹ በዘርፉ ሥራ አላገኙም የሚል ትችት ቀርቦበታል። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ደንብ የፀሐይ ኃይል ባለሙያን በሦስት ደረጃ ከፍላ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ትንሹን የቤት መብራት የሚገጥም፣ መካከለኛውን የሚገጥም፣ ትልቁንና ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኘውን የሚገጥም ተለይቷል። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሥልጠና ያለ ገበያ ሥራ አጥ ያፈራል፤ ገበያ ያለ ፈቃድ ደግሞ ማንኛውም ሰው ጣሪያ ላይ እንዲወጣ ይፈቅዳል።

ሕግ አለ፤ የሚጠይቀው ጠፋ

በኢትዮጵያ በኩል ሕጉ ጭራሽ የለም ሊባል አይችልም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ለሚሰማሩ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ሥልጣኑም ዛሬ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናውም በደረጃ ተከፍሎ፣ በመጨረሻው ‹‹ሲኦሲ›› በሚባለው ምዘና የሚጠናቀቅ ሥርዓት አለው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ወረቀቱን ሱቅ ላይ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። ሻጩ አይጠይቅም፤ ገዢው አያውቅም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ኢሱዙውን እንዲነዳ የማይፈቅድ ነጋዴ ዋጋው ከባድ የሆነ የፓምፕ ሥራ ለማያውቀው ልጅ ሲሰጥ አይሳቀቅም።

ለዚህ ዋናው መድኃኒት ያለው በነጋዴው እጅ ነው። አስመጪው የዋስትና ወረቀቱን የሚፈርመው ዕቃው በተመዘነ ባለሙያ ሲገጠም ብቻ ቢሆን፣ ወረቀቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ ያገኛል። አበዳሪ ተቋማትም ለፓምፕ ብድር ሲሰጡ የገጣሚውን የብቃት ማረጋገጫ ቁጥር በውሉ ላይ ቢያስገቡ ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ደላላውም ቢሆን ‹‹ከነገጣሚው›› ብሎ ያገናኘው ሥራ ሳይበላሽ ሲቀር ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል።

ሥልጠናው ራሱ ምን መምሰል አለበት? አንደኛ፣ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። በደብረ ታቦር የቤት ሽቦ የሚዘረጉ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ፣ የውሃ ሞተር የሚፈቱ ልጆች ሞልተዋል። እነዚህን በሦስት ወር ማብቃት ከአሥረኛ ክፍል የመጣን ተማሪ ሦስት ዓመት ከማስተማር ይቀልላል። ሁለተኛ፣ ከሥልጠናው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጣሪያ ላይና ጉድጓድ አፍ ላይ መሆን አለበት። ጥሩ የማሠልጠኛ ግቢ ማለት ሆን ተብሎ የተበላሸ መሣሪያ ያለበት ግቢ ነው፤ የተገለበጠ ሽቦ፣ የላላ ማያያዣ፣ የደረቀ ባትሪ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር የተተከለ ፓኔል። ተማሪው ብልሽቱን በሜትር ፈልጎ ካላገኘ አይመረቅም። ሦስተኛ፣ መምህሩ ይቅደም። በዓመት አንዴም ጣሪያ ላይ ያልወጣ መምህር ገጣሚ አያፈራም፤ ኮሌጆች መምህራኖቻቸውን በክረምት ከአስመጪ ድርጅቶች የጥገና ክፍል ጋር እንዲሠሩ ቢልኩ ሁለቱም ይጠቀማሉ። አራተኛ፣ ሥልጠናው ሒሳብና ንግድን ይጨምር። ዋጋ ማውጣት፣ ደረሰኝ መያዝ፣ ለደንበኛው ‹‹ይህን ያህል ሰዓት ብቻ ይሠራልሃል›› ብሎ እቅጩን መናገር የሙያው ክፍል ነው። አምስተኛ፣ ሴቶች ይግቡበት። ቀን ቤት ውስጥ የሚገኙት፣ መሣሪያውንም የሚያዩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ቲሎንያ በተባለ መንደር የሚገኘው የቤርፉት ኮሌጅ ማንበብና መጻፍ እንኳ ያልቻሉ የገጠር ሴቶችን በስድስት ወር የፀሐይ መብራት ጠጋኝ አድርጎ ወደየአገራቸው ሲመልስ ኖሯል።

ማን ይክፈል?

ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ‹‹እኔ ባሠለጥነው ለተፎካካሪዬ ይሠራል፤ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል›› ይላል። ስጋቱ እውነት አለው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢያሠለጥን ይከስራል። ስለዚህ ወጪው የጋራ መሆን ይኖርበታል። የዞኑ የፀሐይ ዕቃ ነጋዴዎች ከሽያጫቸው ከመቶ ሁለት ብር ለአንድ የጋራ ማሠልጠኛ ግቢ ቢያዋጡ፣ በዓመት አሥር ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ነጋዴ ድርሻው 200,000 ብር ነው። በየክረምቱ ተበላሽተው በዋስትና የሚመለሱለትን ባትሪዎችና ለእነሱ የሚያወጣውን የመኪና ኪራይ ቢያሰላ ብዙ ሊባል አይችልም። ሠልጣኙም ቢሆን ከደመወዙ በየወሩ የሚከፍለው ድርሻ ቢኖረው ሥልጠናውን የሚቆጥረው እንደ ራሱ ንብረት ነው።

‹‹ነገ ዋናው መስመር ቢደርስስ?›› የሚልም አለ። መስመሩ ቢደርስ እንኳ ሙያው አይሞትም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ክሊኒኩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ባንኩና ፀጉር ቤቱ ኢንቨርተርና ባትሪ ይፈልጋሉ። ፓኔል የገጠመ እጅ ያንንም ይገጥማል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያም የዚያው ሙያ ዘመድ ሆኖ መጥቷል። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ከአዲስ አበባ ባለሙያ ማስመጣት እንደማይቻል የከተማው ነጋዴ በገዛ ኪሱ አይቶታል። ባለሙያው እዚያው ካልኖረ ዕቃው ቢኖርም የለም።

ደብረ ታቦር በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ታላቁ ሴባስቶፖልም የተቀለጠው እዚያው ነው። የአገሬው ልጆችም በሥራው ተሳትፈዋል። ሆኖም ባለሙያዎቹ ከንጉሡ ጋር ወደ መቅደላ ከሄዱ በኋላ እሳቱ ጠፋ። ሙያው የተያዘው በጥቂት ሰዎች እጅና በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ ስለነበር ተተኪ አላገኘም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም መሰየሙ መልካም ነው። ስሙ ትርጉም የሚኖረው ግን ተቋሙና የከተማዋ የቴክኒክ ኮሌጅ ከነጋዴው ጋር ተቀምጠው በአንድ የማሠልጠኛ ግቢ ላይ ሲስማሙ ነው። አንዱ መምህር፣ አንዱ ቦታ፣ አንዱ ዕቃና ሥራ ያቀርባል።

ይህ ሁሉ ትልቅ ጉባዔ አይፈልግም። ከመጪው ክረምት በፊት ሃያ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን መርጦ፣ በየሱቁ የተከማቹትን የተመለሱ ባትሪዎችና ኢንቨርተሮች ለማስተማሪያ ሰብስቦ፣ አንድ የሦስት ወር ዙር መጀመር ይቻላል። ውጤቱንም ለመመዘን አስቸጋሪ አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ በዋስትና የሚመለሰው ዕቃ ብዛት ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸር። ከቀነሰ የሥልጠናው ወጪ ተመልሷል ማለት ነው፤ ካልቀነሰም ቀጣዩ ዙር ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት የተመለሱት ዕቃዎች ራሳቸው ያሳያሉ።